አንድ ቁጥር የበዛባቸው መምህር፦ የመምህር ዘርአይ ገብረትንሣኤ የሕይወት ታሪክ (1930–1982 ዓ.ም.)

መምህር ዘርአይ ገብረትንሣኤ ከአባታቸው ከአቶ ገብረትንሣኤ ተስፋይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስመረት ሐጎስ በትግራይ፣ በዓጋመ አውራጃ፣ በአዲግራት ከተማ ኅዳር 21 ቀን 1930 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑ የጽዮን ማርያም በዓል ነበርና ቤቱ እንግዳ ሞልቶበት ሳለ እናታቸውን ምጥ ያዛቸው፤ ለምሳ የተጠራው እንግዳ የልጅ እልልታ ሰምቶ ተመለሰ። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው አለም ገብረትንሣኤ ናት። ሟች በሕይወት ሳሉ «አንቺ ስታወሪ ቁጥር ታበላሺያለሽ» እያሉ ይገሥጿት ስለነበር፣ እዚህ የሰፈረውን ቀንና ዓመተ ምሕረት ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ አረጋግጣዋለች።

አባታቸው የጨው ነጋዴ ነበሩ። በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ከቅፍለቱ ጋር ከአዲግራት ደጋ ተነሥተው ወደ አፋር የጨው ሜዳ ይወርዱ፣ አሞሌውን በግመልና በበቅሎ አስጭነው ይመለሱ ነበር። ዘርአይ በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው አንድ ጊዜ አብረው ወርደዋል። ከጨው ሜዳው ሲደርሱ አባታቸው እዚህ ባሕሩ ከእኛ በላይ ነው ቢሏቸው አላመኑም። ባሕር ከሰው ራስ በላይ እንዴት ይሆናል ብለው ሽቅቡን መንገድ ሙሉ ሲከራከሩ መጡ። አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ ይህን እያነሡ ይስቁባቸው ነበር።

በአዲግራት ዳዊት ደግመው አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ በ1946 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው በአዳሪነት ሁለተኛ ደረጃን ተማሩ። በ1954 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሂሳብ ትምህርት ተመረቁ። ሦስት ዓመት በደብረ ብርሃን ካስተማሩ በኋላ በ1957 ዓ.ም. በቦሌ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በዚያው አገልግለዋል። መኖሪያቸውን ያደረጉት በወሎ ሰፈር ነው። በ1962 ዓ.ም. ታናሽ እህታቸውን አለምን ከአዲግራት አስመጥተው አስተምረዋል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይነሽ ወልደየስ ብቸኛውን ወጣት መምህር አይተው ስላዘኑላቸው እሑድ እሑድ ምሳ ያበሏቸው ነበር። የወይዘሮ ፀሐይነሽ የመጨረሻ ልጅ ገብረየስም ከፍ ሲል የመምህሩ ተማሪ ሆነ። ሁለቱ ቤቶች በር ሳያንኳኩ የሚገባባቸው ነበሩ።

ተማሪዎቻቸው እስከ ዛሬ የሚያነሡላቸው፣ ቁጥርን እንደ ዘመድ አንድ በአንድ እያስተዋወቁ ማስተማራቸውን ነው። በመጀመሪያ ልጅ ሁሉ በጣቱ የሚያውቃቸውን የመቁጠሪያ ቁጥሮች ያመጣሉ። ከዚያ ዜሮን ያስገባሉ። ዜሮ ምንም ማለት ነው የሚል ተማሪ ካለ፣ ሰው ያልተቀመጠበት ወንበርና ጨርሶ የሌለ ወንበር አንድ ነው ወይ ብለው ይጠይቁታል። ከዜሮ በታች ያሉትን፣ ነጌቲቭ የሚባሉትን፣ ሲያስተምሩ ወደ አባታቸው ቅፍለት ይመለሳሉ። ሰሌዳው ላይ ገደል ይሥላሉ፤ አዲግራትን ከላይ፣ የባሕሩን ልክ በዜሮ፣ የጨው ሜዳውን ከዜሮ በታች መቶ ሃያ ሜትር ላይ ያስቀምጡና ግመሎቹን ያወርዷቸዋል። በልጅነታቸው በአባታቸው የተረቱበት ክርክር በኋላ እንጀራቸው ሆነ።

ክፍልፋይን ማንም በዳቦ ያስተምረዋል፤ እሳቸውም በዳቦ ነበር የሚያስተምሩት። በክፍልፋይ ሊጻፉ የማይችሉትን ቁጥሮች ግን ተማሪውን ወደ ሜዳ አውጥተው ነው። የትምህርት ቤቱ ሜዳ አራቱም ጎኑ እኩል ነው። ተማሪ ደግሞ ዙሪያውን መሄድ ስለሚሰለቸው ከጥግ እስከ ጥግ ሣሩን ረግጦ በመካከሉ መንገድ አውጥቷል። የሜዳው ጎን አንድ ቢሆን ይህ የሰነፍ መንገድ ስንት ይሆናል ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ አንድ ተኩል ይላል፤ ሌላው አንድ ከአራት ዐሥረኛ። የትኛውም ልክ አይመጣም፤ ቁጥሩ ሳያልቅም ሳይደጋገምም ይቀጥላል። በየቀኑ ትረግጡታላችሁ፣ ጽፋችሁ ግን አትጨርሱትም ይሏቸው ነበር።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዷቸው ግን ብቸኛ የሚባሉትን ቁጥሮች ነበር። ብቸኛ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ ለማንም እኩል የማይካፈል ነው። ዐሥራ ሁለት ሰው ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት እየሆነ ይቧደናል። ዐሥራ ሦስት ሰው ግን እንዴት ቢያቧድኑት የሚተርፍ አይጠፋም። አለም ይህን ስትሰማ፣ ወንድሟ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላቸው ሚስት ያላገቡበትን ምክንያት አገኘሁት ብላ ለዘመድ ሁሉ አውርታለች።

በ1969 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሟች እስከ አንድ ሺህ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ለይተው በክፍላቸው ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ አሰቡ። አሠራሩ ወንፊት ይባላል። ከሁለት እስከ ሺህ በሠንጠረዥ ይጻፍና የሁለት ብዜቶች፣ የሦስት፣ የአምስት፣ የሰባት እየተባለ በተራ ይሰረዛል። ሳይሰረዝ የቀረው ብቸኛው ነው። ሠንጠረዡን ቤታቸው ይዘው መጥተው ለሦስት ቀን ሲሰርዙ ሰነበቱ። ዓርብ ዕለት ትምህርት ቤት ወስደው ሲቆጥሩት የተረፈው 169 ሆነ። መጽሐፉ ደግሞ 168 ነው የሚለው። አንድ ቁጥር በዝቶባቸዋል ማለት ነው። ሠንጠረዡን እዚያው ቆልፈው፣ 169ኙን ብቻ ከደብተር በገነጠሉት ወረቀት ላይ ገለበጡና ትርፉን ቤታቸው ሆነው ሊፈልጉት አራት አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ርእስ አልጻፉበትም። ለራሳቸው ነውና ምን ርእስ ያስፈልገዋል።

ሳምንቱ ግን ቤት ለቤት የሚፈተሽበት፣ የአሰሳ ሳምንት ነበር። ሐሙስ መጋቢት 15 ቀን የወይዘሮ ፀሐይነሽ ልጅ ገብረየስ ከቤት እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ፤ መያዙም ተሰማ። ቅዳሜ መጋቢት 17 ቀን ፈታሾች መምህር ዘርአይ ቤት ገቡ። ከኮታቸው ኪስ ያ ወረቀት ወጣ። ከፈታሾቹ አንዱ የቀበሌውን የቤት ቁጥሮች በደንብ የሚያውቅ ነበር። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሲያይ 211 የቀበሌው ሊቀ መንበር ቤት ሆኖ አገኘው። 347 የወይዘሮ ፀሐይነሽ ቤት ነው። 349 የራሳቸው የመምህሩ ቤት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 348 የጋራዥ አጥር ሲሆን እሱ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ፈታሹ ሰው ያለበት ቤት ተለይቶ መጻፉን ሲያይ ነገሩ የተመረጡ ቤቶች ዝርዝር መሰለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሟች እዚያው ቆመው ይህ የሂሳብ ትምህርት ነው ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም። ተይዘው ወደ ቀበሌው አዳራሽ ተወሰዱ።

ነገሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩን አዳረሰው። ቀበሌው የጠላት ዝርዝር ነው አለ፤ ሰፈሩ የጠቋሚ ዝርዝር ነው አለ። የትኛውም ቢሆን ለእሳቸው ሞት ነበር። አለም ቀትር ላይ ምሳ ይዛ ስትሄድ ወይዘሮ ፀሐይነሽን በራቸው ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ሰላም ብትላቸው አልመለሱላትም። የልጃቸው መያዝና የቤታቸው ቁጥር በጎረቤታቸው ኪስ መገኘት በልባቸው ውስጥ አንድ ነገር ሆኖ ነበር። እናት ናቸው፤ ማን ይፈርድባቸዋል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ እንድሪስ ሰይድ ናቸው። አቶ እንድሪስ ዛሬ ከለቀስተኛው መካከል ተቀምጠዋል፤ ይህን ክፍል አስቀድመን አንብበንላቸው አንድ ቃል ሳትጎድሉ አንብቡት ብለውናል። በሙያቸው መካኒክ ሲሆኑ፣ የተበላሸ ሞተር ሳይፈቱ ተበላሽቷል የማይሉ ሰው ነበሩ። እሑድ ጠዋት ሟችን አስቀርበው ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ሟች የቁጥሮችን ዓይነት ከመቁጠሪያዎቹ ጀምረው እስከ ብቸኞቹ ድረስ አስረዱ። በዚያ ላይ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ መጽሐፉ 168 ሲል እኔ ግን 169 ጽፌአለሁ፣ አንዱ ስሕተት ነው ብለው ተናገሩ። አለም በመስኮት ሆና ስትሰማ ወንድሟ በገዛ አፋቸው መቃብራቸውን የቆፈሩ መሰላት።

አቶ እንድሪስ ወረቀቱን አስቀመጡና፣ «ትርፉ ሰው ማነው?» አሉ።

ሟችም፣ «ሰው አይደለም፣ ቁጥር ነው። እኔ ፈልጌ አጥቼዋለሁ፤ እናንተ ካገኛችሁት ለእኔም ንገሩኝ» አሏቸው።

አቶ እንድሪስ ነገሩን በሙያቸው ወሰኑት። ሞተሩ ይፈታ አሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር በሚቻለው ሁሉ ይካፈል፤ ሰውየው እንዳለው 168ቱ የማይካፈሉ፣ አንዱ ብቻ የሚካፈል ሆኖ ከተገኘ ሂሳብ ነው፤ አለዚያ ግን ሌላ ነው። ወረቀቱ ማስረጃ ስለሆነ ለሟች አይሰጥም፤ ትምህርት ቤቱም ስለተዘጋ ሠንጠረዡን ማምጣት አይቻልም። ማካፈሉን የሚሠራ ሰው ሲፈለግ የኅብረት ሱቁ ሒሳብ ያዥ ወይዘሪት ተናኜ ዘለቀ ተጠሩ። ወይዘሪት ተናኜ አንድ ኩንታል ስኳር ለሰፈር ሙሉ ሰው ደርሶ እንዳይጣሉ አድርገው የሚያካፍሉ ሴት ነበሩ። ከሰፈሩ በዚህ ሥራ የሚበልጣቸው አልነበረም።

ከእሑድ ቀትር እስከ ማክሰኞ ምሽት ድረስ በአዳራሹ ማካፈል ሆነ። ወይዘሪት ተናኜ በአሮጌ የስኳር ኩፖን ጀርባ ላይ ያሰላሉ፤ ሦስት የኮሚቴ አባላት ደግሞ ከሱቁ በመጣ ባቄላ ያረጋግጣሉ። አቶ እንድሪስ የራሳቸውን ቤት 211ን ለሰው አልሰጡም። ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ባቄላ ቆጥረው ሦስት ሦስት፣ አምስት አምስት፣ ሰባት ሰባት እያደረጉ አስቀመጡ። ሁልጊዜ ይተርፋል። ከሰዓት ሙሉ ሲደክሙ ውለው ቤቴ ለማንም አይካፈልም ብለው ተነሡ። ሟች ከማዕዘኑ ሆነው ያዩ ነበር። በኋላ እንደተናገሩት፣ በእነዚያ ሦስት ቀናት ያስፈራቸው መሞታቸው ብቻ አልነበረም። ትርፍ ቁጥሩ አንድ ባይሆንስ፣ ሁለት ቢገኝስ፣ ወይም መጽሐፉ ራሱ ተሳስቶ ምንም ባይገኝስ እያሉ ይሠቃዩ ነበር። ከኪሳቸው በተገኘው ወረቀት ላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ ከእሳቸው ጋር እንደሚጠየቁ ያውቁ ነበር።

እስከ ሰኞ ማታ ድረስ መቶ አርባ ያህል ቁጥሮች ተፈትነው አንድም የሚካፈል አልተገኘም። ወይዘሪት ተናኜ ቀላል የሚመስሉትን አስቀድመው ስለጨረሱ፣ በትልልቅ ቁጥር መካፈል ያለባቸውን ለማክሰኞ አስቀርተው ነበር። ማክሰኞ ቀትር አልፎ ብዕራቸውን አስቀመጡና ባቄላ ጠየቁ። 391 ቆጥረው ዐሥራ ሰባት ቦታ አከፋፈሉት። በእያንዳንዱ ቦታ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ደረሰ፤ የተረፈ አልነበረም። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ከዚያ የቀሩት ቁጥሮች እስከ ምሽት ተፈትነው ሁሉም ጸኑ። 391 ቁጥር ቤት የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ፈርሶ አጥሩ ብቻ የቀረ ባዶ ቦታ ሆነ።

አቶ እንድሪስ በማግስቱ ረቡዕ መጋቢት 21 ቀን ኮሚቴውን ሰብስበው፣ ሐሰተኛ ሰው ስሕተቱ የሚገኘው ከደበቀበት ነው፣ ይህ ሰው ግን ስሕተቱን ራሱ ነግሮን ልክ እንዳለው አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ሂሳብ ነው ብለው አሰናበቷቸው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር ያ ባቄላ አሹቅ ሆኖ ለኮሚቴው ቀረበ፤ ሟችም ከታሰሩበት ወጥተው አብረው በሉ። አለም በዚያ ቀን የተሰማትን እፎይታ በዚህ ወረቀት ላይ መጻፍ አትችልም። ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ሠንጠረዡ ሲታይ የስሕተቱም ምንጭ ተገኘ። ሟች የዐሥራ ሰባትን ብዜቶች ሲሰርዙ 374 ላይ አለም ለምሳ ጠርታቸዋለች፤ በልተው ሲመለሱ ከ408 ቀጥለዋል። ከዚያ ወዲህ ወንድሟ ወረቀትና ብዕር ይዘው ሲቀመጡ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ጠርታቸው አታውቅም።

ሟች ከተፈቱ በኋላ አመሰግናለሁ ለማለት ወደ ኅብረት ሱቁ ሄዱ። ምስጋናው ግን በአንድ ቀን አላለቀም። ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ስኳር ሊጠይቁ መመላለስ ጀመሩ። ጥር 13 ቀን 1971 ዓ.ም. ከወይዘሪት ተናኜ ዘለቀ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ወይዘሮ ተናኜ በሠርጋቸው ላይ፣ እኔ ይህን ሰው ያገባሁት አንድ ብቻ ስሕተት እንዳለበት አረጋግጬ ነው ብለው እንግዳውን አስቀውታል። በኋላ ቁጥሩን ከፍ ማድረጋቸውን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ትዳራቸውም በ1972 ዓ.ም. ትግስትን፣ በ1975 ዓ.ም. ሚርያምን አፍርቷል።

በዚህ ሁሉ ደስታ ውስጥ አንድ በር ተዘግቶ ቀረ። ቀበሌው በአራት ቀን ያመነውን ወይዘሮ ፀሐይነሽ አላመኑም። ባቄላው ወረቀቱ ሂሳብ መሆኑን አረጋገጠ እንጂ መምህሩ በአፋቸው አንድ ቃል አለመናገራቸውን አያረጋግጥም። ሟች ይህን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር፤ ቁጥር ለቁጥር ይመሰክራል እንጂ ለሰው ልብ አይመሰክርም ይሉ ነበር። የእሑዱ ምሳ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ባርኔጣቸውን አንሥተው እንደምን አደሩ እማማ ይላሉ፤ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። በዕድር ድንኳን ሟች ሲገቡ ቦታ ይቀይራሉ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሟች የሚያስተምሩበት ክፍል ቢደርሳቸው አልገባም ብለው ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዱ። ሆኖም ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው የሳንቃ ግድግዳ ሥር፣ የሟች ድምፅ በሚሰማበት ነበር የሚቀመጡት።

ሌላ ቀበሌ የተሻለ ቤት ተገኝቶ ወይዘሮ ተናኜ እንሂድ፣ ይህን ፊት በየቀኑ ማየት ምን ያደርግልናል ብለው ሲለምኗቸው ሟች እንዲህ አሉ፦ «ከሄድሁ እማማ እውነቱን አወቅሁ፣ ጥፋቱ አሸሸው ይላሉ። ከተቀመጥሁ አንድ ቀን ይጠይቁኛል።» በዚህም ምክንያት የሟች ቤተሰብ እስከ ዛሬ ከ349 ቁጥር ቤት አልወጣም። አለም ወንድሟን በብዙ ነገር ትተቻቸው ነበር፤ በዚህ ግን ምንም ማለት አልቻለችም።

በ1973 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቶባቸው ነበር። ከዜሮ በታች ላለ ቁጥር ካሬ ሥር ሲፈለግለት የሚገኙትን፣ ምናባዊ የሚባሉትን ቁጥሮች በማስተማራቸው፣ በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ አንድ ካድሬ በሳይንስ ዘመን የሌለ ነገር ለተማሪ ያስተምራሉ ብሎ ከሰሳቸው። ሟች ተነሥተው በጨዋ ደንብ፣ ጓድ፣ ከራስዎ በላይ ያለውን አምፖል የሚያበራው ኤሌክትሪክ የሚሰላው በእነዚህ ቁጥሮች ነው፤ ካልፈለጓቸው እናጥፋው አሉ። ካድሬው አምፖሉን አየና ተቀመጠ። ቤታቸው ሲገቡ ግን ወይዘሮ ተናኜ ውኃ ሰጥተው አስተኟቸው።

በመስከረም 1974 ዓ.ም. ገብረየስ ከእስር ተፈትቶ በሕይወት ተመለሰ። ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ፤ ሟችም በራቸው ላይ ቆመው እንደ ሴት አነቡ እንጂ ወደ ቤቱ ለመግባት አልደፈሩም። ገብረየስ በሦስተኛው ቀን እናቱን መምህሬ የት አሉ ብሎ ጠየቀ። እናቱ ያሰቡትን ሁሉ ሲነግሩት ደነገጠ። ማንም አልጠቆመውም። በአትላስ በኩል ሲያልፍ መንገድ ላይ ሲፈትሹት ወረቀት ከካልሲው ውስጥ አግኝተውበት ነው የያዙት፤ ስለ መምህር ዘርአይ የጠየቀውም ሰው አልነበረም። በዚያኑ ቀን መጥቶ የሟችን ጉልበት ሳመ። እናቱ ግን አልመጡም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለወይዘሮ ፀሐይነሽ ጠርቶላቸዋል፤ ነገር ግን ከጥርጣሬያቸው ይልቅ ኀፍረታቸው ረዘመ። ሰላምታውን በአንገታቸው መመለስ ጀመሩ፤ ከዚያ አልፈው ደጁን መርገጥ ግን አቃታቸው።

ሟች በ1980 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። ሆስፒታል ሰንብተው ወደ ቤት በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ፀሐይነሽ አጥሚት በሳህን ይዘው፣ በር ሳያንኳኩ ገቡ። ሳህኑን አስቀመጡ፤ ይቅርታ ለመለመን መሬት ሊወድቁ ሲሉ ሟች ከአልጋቸው ተንጠራርተው እጃቸውን ያዙ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ «ዘርአይ ልጄ፣ አምስት ዓመት ጠረጠርሁህ፤ ስድስት ዓመት ደግሞ ፊትህን ማየት አፈርሁ» አሉ።

ሟችም፣ «እማማ፣ አምስትና ስድስት ዐሥራ አንድ ነው። ዐሥራ አንድ ደግሞ አይካፈልም። ያን የእርስዎ፣ ይህን የእኔ ሳንል እንዳለ እንተወው» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ አጥሚቱን ጠጡ። ወይዘሮ ተናኜ እንደሚሉት፣ ከዚያ በፊት በዓመታት ውስጥ አይተውት የማያውቁትን እንቅልፍ ያን ቀን ከሰዓት ተኙ። እኛም ቤተሰቦቻቸው ይህን ሞት ስናስብ እንባችን ውስጥ ዕረፍት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ሟች ስማቸው ጠርቶ አይተው፣ የሚጠብቁት ሰው መጥቶላቸው ነው የሄዱት። ብዙ ሰው ይህን ሳያገኝ ይሞታል።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሕመማቸው እየጠና ቢሄድም እስከ ባለፈው የካቲት ድረስ ከማስተማር አልቀሩም። መቆም ሲያቅታቸው ወንበር ላይ ሆነው አስተማሩ፤ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ሲያቅታቸው ተማሪዎቹ ወሎ ሰፈር ቤታቸው ድረስ እየመጡ ተማሩ። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። እሑድ ግንቦት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. ከቀትር በፊት፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ሥቃያቸው አብቅቶ ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ሰኞ ግንቦት 13 ቀን በአጥቢያቸው በቦሌ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

እናታቸው ወይዘሮ አስመረት ሐጎስ በአዲግራት በሕይወት አሉ። መንገዱ ከተዘጋ ከዓመት በላይ ስለሆነ መርዶው አልደረሳቸውም፤ መቼ እንደሚደርሳቸውም አናውቅም። ትናንት ድንኳኑ ሲተከል ሴቶቹ በሐዘንተኛ እናት ቦታ ማን ይቀመጥ ብለው ተጨነቁ። አለም ልቀመጥ ብላ ስትነሣ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና በቦታው ተቀመጡ። «እናቱ እስክትሰማ ድረስ እናቱ እኔ ነኝ። ታሪኩን ስታነቡም ከእናት ተራ አንብቡኝ» አሉ። እኛም እንዳሉት አድርገናል።

መምህር ዘርአይ ገብረትንሣኤ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ተናኜ ዘለቀን፣ ልጆቻቸውን ትግስት ዘርአይንና ሚርያም ዘርአይን፣ እህታቸውን አለም ገብረትንሣኤን፣ በሃያ ስምንት ዓመት የመምህርነት ዘመናቸው ያፈሯቸውን ተማሪዎች፣ በአዲግራት ያሉትን እናታቸውን ወይዘሮ አስመረት ሐጎስን፣ እዚህም አጠገባችን የተቀመጡትን እናታቸውን ወይዘሮ ፀሐይነሽ ወልደየስን ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ስፍር ቁጥር በሌለው ምሕረቱ ይቀበልልን። መርዶ ላልደረሳቸው እናት ጽናቱን አስቀድሞ ይላክላቸው፤ እዚህ ላሉትም እናት ያሳድርላቸው። አሜን።